ግሩፓችን የማን ነው?

ርዕሰ አንቀጽ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው። «ቴሌግራም ቢዘጋ ወዴት እንሂድ?» አንዱ «ሲግናል ይሻላል» ይላል፣ ሌላው «ኤለመንት የሚባል አለ»፣ ሌላው ደግሞ «ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መጥቷል አሉ፣ እሱን እንጫን» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «ይሄን አውርዱ» ብለን በአንድ መስመር የምንገላገለው አይደለም። እኛ ጋ የመልእክት መስመር የሰው ሕይወት የሚያድን ወይም የሚያጠፋ ነገር ነው።

መጀመሪያ ስጋቱ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከመስመር ውጪ ሆና ከረመች። በየካቲት 2015 በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሳው ውጥረት ምክንያት ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ተገድበው እስኪለቀቁ አምስት ወር ያህል ፈጀ። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተዘጋ። ለብሔራዊ ፈተና ተብሎም ተዘግቶ ያውቃል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ስም «ተዘጋ» ይባሉ እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው አፕ ሲታገድ ነው። የካቲት 2015 እንደዚያ ነበር፤ ኢንተርኔቱ አለ፣ ቪፒኤን ያለው ይገባል። ሁለተኛው ዳታው ራሱ ሲቋረጥ ነው። ያን ጊዜ ቪፒኤንም ምንም አያመጣም፤ በስልክህ ያለው አፕ ሁሉ ዝም ነው የሚለው። «የቱ አፕ ይሻላል?» ብሎ ከመከራከር በፊት የትኛውን መዘጋት እንደፈራን እንለይ።

ሦስተኛም አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። የትኛውም መንግሥት አልዘጋቸውም፤ ኩባንያው በራሱ ስህተት ራሱን አጠፋ። ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ የአማዞን ሰርቨሮች ሲታወኩ ምስጢር በመጠበቅ የሚመሰገነው ሲግናል ሳይቀር ተቋረጠ። ሁሉም ነገር በአንድ ምሰሶ ላይ ሲቆም፣ ምሰሶው ሲነቃነቅ ቤቱ በሙሉ ይነቃነቃል።

ለጋምቤላ ልጅ ይሄ አዲስ ትምህርት አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተሰጠ። ከተማችን የተቆረቆረችው በዚያ ጣቢያ ነው። የደጋው ቡና እዚህ ተጭኖ በባሮ፣ በሶባትና በነጭ ዓባይ ወርዶ ካርቱም ይገባ ነበር። ወንዙ የኛ፣ ቡናው የኛ፣ ሸክሙም የኛ፤ መጋዘኑና መዝገቡ ግን የሌላ። ቦታው የተመለሰልን ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ነው። ዛሬ ግሩፖቻችንም እንደዚያው ናቸው። አባላቱ የኛ፣ ሐሳቡ የኛ፣ ሐዘኑም የኛ፤ መዝገቡ ግን ስሙን እንኳን በማናውቀው ሀገር ያለ ሰርቨር ላይ ነው።

እንግዲህ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። መለኪያችን ሦስት ጥያቄ ነው። መዝገቡ በማን እጅ ነው? ዳታ ሲጠፋ ይሠራል? ስልኩ በሰው እጅ ቢወድቅ ምን ይገኝበታል?

ቴሌግራም

ሁላችንም የምንወደው ያለ ምክንያት አይደለም። ኔትወርክ ሲደክምም ይንቀሳቀሳል፣ ትልቅ ፋይል ይቀበላል፣ አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ግን ልብ በሉ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። «ሚስጥራዊ ውይይት» የሚባለው ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ግሩፕና ቻናል ላይ የለም። ግሩፕ ውስጥ የጻፍነው ሁሉ ኩባንያው ጋ ተቀምጧል፣ ቁልፉም ኩባንያው ጋ ነው። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ፣ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የተጠቃሚን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ እንደሚሰጥ በፖሊሲው ላይ አስፍሯል። ሌላም አለ። መግቢያ ኮዱ በኤስኤምኤስ ስለሚመጣ ሲምህን የያዘ ሰው አካውንትህን ሊከፍት ይችላል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያላበራችሁ ዛሬውኑ አብሩ።

ዋትስአፕ እና ሲግናል

ሁለቱም ግሩፕን ጭምር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያመሰጥራሉ፤ የጻፍከውን ኩባንያው አያነብም። ልዩነታቸው በዙሪያው ባለው መረጃ ላይ ነው። ዋትስአፕ ከማን ጋር፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደተገናኘህ ያውቃል፤ ባለቤቱ ደግሞ የፌስቡኩ ሜታ ነው። ግሩፕ ውስጥ ስትገባም ስልክ ቁጥርህ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ይታያል። ሲግናል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ የሚይዘው መረጃም እጅግ ጥቂት ነው፤ ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቁጥርህን ደብቀህ በመጠሪያ ስም ብቻ መገናኘት ይቻላል። ለምስጢር ከተባለ ከታወቁት ውስጥ የሚስተካከለው የለም። ግን ሁለቱም ማዕከላዊ ናቸው። በሩ አንድ ነው፤ በሩ ከተዘጋ ሁሉም ውጪ ነው።

ማትሪክስ እና ኤለመንት

እዚህ ጋ ነው «ያልተማከለ» የሚለው ቃል የሚመጣው። ይህን ቃል እኛ ኢትዮጵያውያን ከአስተዳደር ነው የምናውቀው፤ እዚህም ትርጉሙ ያው ነው። ማትሪክስ ኩባንያ ሳይሆን የጋራ ቋንቋ ነው። ማንም ዩኒቨርሲቲ፣ ማኅበር ወይም ድርጅት የራሱን ሰርቨር ይተክላል፤ ሰርቨሮቹ ደግሞ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ኢሜይል አንዱ ከያሁ፣ ሌላው ከጂሜይል እንደሚጻጻፈው ማለት ነው። ኤለመንት በስልክ የምንጭነው አፕ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኞቹ የሚጠቀምበት ቻፕ የተባለው መስመር በዚህ የተሠራ ነው፤ የጀርመን ጦርም የራሱን በዚሁ ሠርቷል። ለምን? የመንግሥት ወሬያቸው በሌላ ሀገር ኩባንያ መጋዘን እንዳይቀመጥ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ትልቁ የማትሪክስ ሰርቨር ሲበላሽ፣ እዚያ የተመዘገቡት ቢቆሙም በሌሎች ሰርቨሮች ያሉት ወሬያቸውን ቀጥለዋል። ያልተማከለ ማለት ይሄ ነው።

ግን ዋጋ አለው። ሰርቨሩን የሚያስተዳድር፣ የሚያድስ፣ ወጪውን የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው መልእክቱን ባያነብ እንኳን ማን በየትኛው ክፍል እንዳለ፣ መቼ እንደጻፈ ያያል። የማመስጠሪያ ቁልፉን በአግባቡ ያላስቀመጠ ሰው ስልክ ሲቀይር የድሮ መልእክቱን ያጣል። ርካሽ ስልክ ላይም ይከብዳል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ስልክ በዕድሜ የሚበልጠውና የሚቀለው ኤክስኤምፒፒ የተባለው ሥርዓት ሳይሻል አይቀርም። ከሁሉም በላይ ግን ዳታ ሲቋረጥ ሁለቱም ዝም ይላሉ። እዚህ ላይ ራሳችንን አናታልል።

ብራየር

ዳታ በሌለበት ቀን የሚሠራው ይሄ ነው። ስልክ ቁጥር አይጠይቅም፣ ሰርቨር የለውም። ኢንተርኔት ሲኖር በቶር በኩል ይልካል፤ ሲጠፋ በብሉቱዝና በዋይፋይ ከስልክ ወደ ስልክ ያቀብላል። መልእክቱ ስልክህ ላይ ተመስጥሮ ነው የሚቀመጠው፤ የይለፍ ቃሉን የማያውቅ አይከፍተውም። ሌላው ደስ የሚለው፣ አፑን ራሱን ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ማካፈል ይቻላል፤ መልእክትም በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ ተጭኖ ሊሄድ ይችላል።

ድክመቱም ብዙ ነው። አይፎን ላይ የለም። ባትሪ ይበላል። ድምፅ ጥሪ የለውም። የይለፍ ቃልህን ከረሳህ የሚመልስልህ የለም፣ በቃ ጠፋ። ብሉቱዝ ደግሞ የሚደርሰው አሥር ሜትር አካባቢ ነው። ከላሬ ጋምቤላ ብሉቱዝ አይደርስም፤ የሚደርሰው ሰው ነው። አንዱ ኢታንግ ላይ የተቀበለውን በኪሱ ይዞ በመኪና ይመጣል፣ ከተማ ሲገባ ስልኩ ለጓደኛው ስልክ ያቀብላል። ዘግይቶ ይደርሳል፣ ግን ይደርሳል። አያቶቻችን መልእክተኛ ይልኩ የነበረው እኮ እንዲሁ ነው።

ቢትቻት የሚባለውንም ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። የትዊተር መሥራች ከነበሩት አንዱ ጃክ ዶርሲ በ2017 ዓ.ም. ክረምት ያወጣው ነው፤ በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ እየዘለለ ይሄዳል፣ ምዝገባም የለውም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሲወጣ ደኅንነቱ በገለልተኛ ባለሙያ ገና እንዳልተመረመረ ራሱ ሠሪው አስጠንቅቆ ነበር። ከሆንግ ኮንግ እንማር። በ2019 እ.ኤ.አ. የዚያ ከተማ ወጣቶች ብሪጅፋይ የተባለ ተመሳሳይ አፕ በጅምላ ጫኑ፤ በዓመቱ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሲመረምሩት መልእክቱ ሊነበብ፣ ላኪውም ሊታወቅ እንደሚችል አገኙ። ያለ ኢንተርኔት መሥራትና አስተማማኝ መሆን ለየቅል ናቸው።

«የራሳችን የሀገር አፕ ለምን አይሠራም?»

ይህን የሚሉን ሀገር ወዳድ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸው፤ ስሜታቸውን እንጋራለን። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ ያኔ ኤጀንሲ ሳለ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ፌስቡክን፣ ትዊተርንና ዋትስአፕን የሚተካ የራሷን መድረክ መገንባት እንደጀመረች አስታውቆ ነበር። የሀገር ልጅ ኮድ ሲጽፍ ማየት ያኮራል። ነገር ግን ቁልፉን ከካሊፎርኒያ አንስተን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኪስ ብንከተው አሁንም በሩ አንድ ነው፤ እሱ ሲዘጋም ሁላችንም ውጪ ነን። ለሀገር የሚበጀው ቁልፉ በብዙ ኢትዮጵያውያን እጅ ሲሆን ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ የየራሳቸውን የማትሪክስ ሰርቨር ቢተክሉ፣ ተማሪው ኮምፒውተር ሳይንስን በተግባር ይማራል፣ የኛም ወሬ በኛ ምድር ይቀመጣል። የዲጂታል ሉዓላዊነት ከዚህ ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ

ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋምቤላ ከተማ በተኩስ ነበር የዋለችው ማለት ይቻላል፤ ታጣቂዎች ገብተው ለሰዓታት ውጊያ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከውጊያው የባሰ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት፣ ከሰኔ 7 እስከ 9 ባሉት ቀናት ቢያንስ 50 ሲቪሎች በክልሉ የጸጥታ ኃይሎች ተገድለዋል። ብዙዎቹ የሞቱት «ሸኔን ትደግፋላችሁ» በሚል ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬ! ማስረጃ አይደለም፣ ፍርድ ቤት አይደለም፣ «እከሌ ቤት ገብተዋል አሉ» የሚል ቃል ነው።

በኢታንግ በኩል ግጭት ሲነሳም ያው ነው። ወሬው ከተማ ሳይደርስ ሦስት ጊዜ ይወፍራል። ሁለት የቆሰለው ሃያ የሞተ ይሆናል። የደቡብ ሱዳን የድሮ ፎቶ «የዛሬ ጠዋት» ተብሎ ይለጠፋል። ከዚያ አኙዋኩ ልጅ ኑዌር ሰፈር ለመሄድ ይፈራል፣ ኑዌሩ አኙዋክ ሰፈር፣ ደገኛው ሱቁን ይዘጋል፣ ምሽቱን ደግሞ ምን እንደሚሆን እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ ያልተማከለ መስመር ስንመርጥ ይህን አንርሳ። ቴሌግራም ላይ ቢያንስ አድሚን አለ፣ ውሸቱን ያጠፋል። ብራየር ውስጥ «ፎረም» የሚባለው ባለቤት የለውም፤ አንድ ሰው የለጠፈውን ማንም ከሁሉም ስልክ ላይ ሊሰርዘው አይችልም። «የግል ግሩፕ» የሚባለው ይሻላል፤ አባል የሚጋብዘው የከፈተው ሰው ብቻ ነው። ግን እሱም ቢሆን ፈጣሪው ከወጣ ይፈርሳል። መዝጊያ የሌለው መስመር ማለት ለእውነትም ለውሸትም መዝጊያ የሌለው ማለት ነው። ያልተማከለ መስመር የሚፈልገው ያልተማከለ ኃላፊነት ነው፤ በማዕከል ያለው አድሚን ሲጠፋ እያንዳንዱ ስልክ ያዥ አድሚን ይሆናል።

ሕጉም አለ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 «ግሩፑ ዝግ ነበር» ብሎ የሚምር አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ራስን መጠበቅ ብቻውን እንደ ጥፋት የታየበት ጊዜ ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን 9 ጦማሪዎች የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው በሽብር ክሳቸው ውስጥ ተጠቅሶ ነበር። የአንዳንዶቹ ክስ ተቋረጠ፣ የቀሩትን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። እኛም የምንለው ይሄንኑ ነው። በርን መቆለፍ ወንጀል አይደለም፤ ወንጀል የሚሆነው በተቆለፈው ቤት ውስጥ የሚዶለተው ነው። እኛ የምንዶልተው ስለሌለ አቋማችንን በግልጽ እንናገራለን።

አቋማችን እነሆ

አንደኛ፣ የአደባባይ ነገር በአደባባይ ይቆይ። ማስታወቂያ፣ የዘመቻ ጥሪ፣ የደም ልገሳ፣ የስፖርት ውድድር ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ይቀጥላል። ብዙ ሰው ያለው እዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ ከዲያስፖራው ጋር የምናደርገው የሥራ ውይይት፣ ሚኒሶታና ኦማሃ ካሉት ልጆቻችን ጋር ያለው ጭምር፣ ለጊዜው ሲግናል ላይ ይሁን፤ የራሱ ሰርቨር የሚተክል ተቋም ሲገኝ ወደ ኤለመንት እንሻገር። ስም ዝርዝርና የገንዘብ ጉዳይ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ይቁም።

ሦስተኛ፣ ለክፉ ቀን ብቻ የሚሆን ትንሽ የብራየር መረብ በየቀበሌው ይኑረን። ሥራው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የትኛው መንገድ ደኅና ነው፣ ማን ሕክምና ይፈልጋል፣ ማን ከቤተሰቡ ተለይቷል። የፖለቲካ ክርክር አይገባበትም። «አሉ» የሚል ቃልም አይገባበትም፤ የሚጻፈው በዓይን የታየ ብቻ ነው፣ ያየው ሰውም በስሙ ይጻፍ።

አራተኛው ዋናው ነው። ብራየር ላይ ሰው በሊንክ ከርቀት ማስገባት ይቻላል። እኛ ግን በሊንክ አናስገባም። ሌላኛው መንገድ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተገናኝተው፣ አንዱ የሌላውን ስልክ በካሜራ አንብቦ ነው የሚመዘገበው። በየቀበሌው የሚመረጡት ሁለት ሁለት ሰዎች ከተለያየ ብሔረሰብ ይሁኑ፤ አኙዋክና ኑዌር፣ መዠንግርና ደገኛ፣ ኦፖና ኮሞ። ከባሮ ድልድይ ወዲህ ያለው ወዲያ ይሻገር፣ ወዲያ ያለው ወዲህ ይምጣ። ቡና ይጠጡ፣ ይተዋወቁ፣ ስልካቸውን ያነባብቡ። በክፉ ቀን «እናንተ ሰፈር ምን ተፈጠረ?» ብሎ የሚጠይቀው የሚያውቀውን ሰው ይሆናል። ወሬን የሚያቆመው ይሄ ነው። በጎረቤቱ ሰፈር አንድ የሚያምነው ሰው ያለው ወጣት በ«አሉ» አይነሳም።

አምስተኛ፣ በሰላሙ ቀን እንለማመድ። በወር አንድ ቀን ዳታችንን አጥፍተን መልእክት ከአቦቦ ወይም ከኢታንግ ከተማ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እንለካ። ክረምት ሲገባ፣ ባሮ ሲሞላና መንገድ ሲቆረጥ ደግሞ እንደገና እንሞክረው። ሳይሞከር የተቀመጠ መሣሪያ በክፉ ቀን ያሳፍራል።

ስማርትፎን የሌለውንም አንርሳ። አብዛኛው እናቶቻችንና አባቶቻችን የያዙት ቁልፍ ስልክ ነው። ስለዚህ የመረቡ አባል የሆነ ሁሉ የሰማውን ለሰፈሩ ሽማግሌ፣ ለቄሱ፣ ለፓስተሩ፣ ለሼኩ በአካል የማድረስ ግዴታ አለበት። የመጨረሻው አሥር ሜትር ሁልጊዜ በእግር ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩ ግን በአንድ ሰው እጅ ያለ ገመድ ከሆነ የሚታሰረው ሌላ ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጉ። የቴሌግራማችሁን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ከዚያ ከሌላ ሰፈር፣ ከሌላ ብሔረሰብ አንድ የምታውቁትን ሰው ደውላችሁ ቡና ጋብዙ። አፑን አብራችሁ ትጭናላችሁ።

በየቀበሌው መሳተፍ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ስም ሳይሆን ቀበሌያችሁን ብቻ ጻፉልን፤ ቀሪውን በአካል እንነጋገራለን። ለምታውቁት ሁሉ አካፍሉ።

ጋምቤላ በልጆቿ አንድነት ትቁም! ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!